ሪጅባክ ለሚባለው አዳኝ ውሻ ትክክለኛው የሰውነት አቋምና ጠባይ የትኛው ነው?

ባለግቢው ከሱሉልታ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው እንጦጦን ተሻግሮ በሱሉልታ በኩል ነው። ግቢያችን ሰፊ ሲሆን ዐሥራ አንድ በጎች አሉን፤ ከመሸ በኋላ ጅብ እስከ አጥራችን ሥር ይመጣል። ለዘጠኝ ዓመት ያገለገለን ሐበሻ ውሻችን ባለፈው ክረምት ስለሞተ የሚተካው ስፈልግ ቆይቼ፣ በቅርቡ አንድ ሻጭ ሮዴዢያን ሪጅባክ ናቸው ያላቸውን የስምንት ሳምንት ቡችሎች አሳየኝ። ይህ ዝርያ በደቡባዊ አፍሪካ ለአንበሳ አደን ያገለግል እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ያለፈ የማውቀው ነገር ግን የለም።

ያልተሸጡት ሦስት ናቸው። አንደኛው ወንድ በጀርባው ላይ ፀጉሩ ወደ ፊት ዞሮ የበቀለበት መስመር ቀጥ ብሎ በግልጽ ይታያል፤ ሻጩ ከፍተኛውን ዋጋ የጠራውም በእሱ ላይ ነው። ሁለተኛው ወንድ ሰው ሲጠጋው ጥግ ይዞ ያጉረመርማል፣ እጅ ሲዘረጉለትም ለመንከስ ይቃጣል፤ ሻጩ «ለጅብ የሚሆነው ይህ ነው» ብሎኛል። ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ በጀርባዋ ላይ መስመሩ ጨርሶ ስለሌላት ጉድለት እንዳለባት ተነግሮኝ ዋጋዋ ከግማሽ በታች ወርዷል።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው የዚህ ዝርያ ጥሩ ውሻ በሰውነቱ ምን ዓይነት፣ በጠባዩስ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ነው። መስመሩ ይህን ያህል ዋጋ ሊያስጨምር ይገባዋል? ቁጡ ቡችላስ እውነት ጥሩ አዳኝና ጠባቂ ይሆናል? ወደ ሻጩ ከመመለሴ በፊት የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ውሻ አርቢ ከለገጣፎ

ወንድሜ፣ ከመግዛትዎ በፊት መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል፤ ወደ እኔ የሚመጣው አብዛኛው ሰው ከገዛ በኋላ ነው የሚጠይቀው።

የዝርያው መስፈርት መጀመሪያ የተረቀቀው እ.ኤ.አ. በ1922 በቡላዋዮ፣ ማለትም በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ኤፍ. አር. ባርነስ በተባሉ ሰው ሲሆን፣ መነሻ ያደረጉት ዳልማሺያን የሚባለውን የሌላ ውሻ ዝርያ መስፈርት ነበር። የደቡብ አፍሪካ የውሻ አርቢዎች ኅብረት በ1926 አጽድቆታል። ውሻው ግን ወረቀቱ ከመጻፉ ብዙ ዘመን በፊት በሥራ የተፈተነ ነው። በደቡባዊ አፍሪካ የሚኖረው የኮይኮይ ሕዝብ ጀርባው ላይ የተገለበጠ ፀጉር ያለው ውሻ ነበረው፤ ይህ ውሻ ከአውሮፓ የመጡ ሰፋሪዎች ይዘዋቸው ከነበሩት ውሾች ጋር እየተዳቀለ ዛሬ የምናውቀውን ዝርያ አስገኘ። አዳኞች ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ያሰማሯቸው ነበር። አብዛኛው ሰው ውሻው አንበሳ ይገድላል ብሎ ያስባል፤ አይገድልም። ሥራው አንበሳውን ተከታትሎ አግኝቶ፣ እየተጠጋና እየሸሸ ትኩረቱን ይዞ፣ ባለመሣሪያው እስኪደርስ ባለበት ማቆየት ነበር። የሰውነቱም የጠባዩም መስፈርት የሚቀዳው ከዚህ ሥራ ስለሆነ፣ ይህን ከያዙ የቀረውን ራስዎ ሊገምቱት ይችላሉ።

ቁመቱ ከመሬት እስከ ጫንቃው ሲለካ ለወንድ ከ63 እስከ 69 ሳንቲ ሜትር፣ ለሴት ከ61 እስከ 66 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ክብደቱ ለወንድ 36.5 ኪሎ ግራም፣ ለሴት 32 ኪሎ ግራም ነው። በዚህ አገር ሰው ግዙፍ ውሻ ሲያይ ደስ ስለሚለው አንዳንድ ሻጭ «የእኔ ሃምሳ ኪሎ ይመዝናል» እያለ ይመካል። ክብደቱ የበዛ ውሻ ግን አንበሳ መዳፉን ሲሰነዝር በቅጽበት ዘሎ መውጣት አይችልም፤ ከሩቅ የመጣ ዱካ ተከትሎም ቀኑን ሙሉ አይሮጥም። ኃይለኛ፣ ጡንቻው የዳበረ፣ ሆኖም ቀላልና ቀልጣፋ መሆን አለበት።

ከሁሉ በፊት ደረቱን ይመልከቱ። የዚህ ውሻ ደረት በጣም ሰፊ ሳይሆን ጥልቅ ነው፤ ታችኛው ጫፉ እስከ ክርኑ ይወርዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሳንባና ልብ ቦታ ይፈልጋሉ፤ ቦታው ወደ ጎን ከተሰጠ ግን ክርኖቹ ወደ ውጭ ተገፍተው ሩጫው ይበላሻል። ስለዚህ የጎድኑ አጥንት መጠነኛ ክብነት ይኖረዋል እንጂ እንደ በርሜል አያብጥም። ወገቡ ጠንካራና በጥቂቱ ቅስት የመሰለ ነው። ግሬይሀውንድን አይተው ከሆነ ጥልቅ ደረትና የተቀሰተ ወገብ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ፤ ሪጅባክ ግን እንደ እሱ የመነመነ አይደለም። ግሬይሀውንድ በዓይኑ አይቶ ለአጭር ርቀት የሚፈተለክ ሲሆን፣ ሪጅባክ ሽታም ዓይንም የሚጠቀምና ረጅም መንገድ የሚጸና ነው።

እግሩን ሲያዩ መዳፉን ያንሱት። ክብ፣ ጥብቅ፣ ጣቶቹ ቅስት ብለው የቆሙ፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ ወፍራምና ለጠጥ የሚል፣ በጣቶቹ መካከልም ፀጉር ያለበት መሆን አለበት። ጣቶቹ ተበታትነው ጠፍጣፋ የሆነ ውሻ በሱሉልታ ድንጋያማ መሬት ላይ አንድ ዓመት ሳይሞላው ማነከሱ አይቀርም። የስምንት ሳምንት ቡችላ መዳፍ ገና ልል ቢሆንም የወላጆቹን አይቶ መፍረድ ይቻላል።

ራሱ በጆሮዎቹ መካከል ሰፋና ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ውሻው በተረጋጋበት ሰዓት ግንባሩ ላይ ሽብሽብ ሊታይ አይገባም። ጆሮዎቹ ከፍ ብለው ተተክለው ወደ ታች የወደቁ ናቸው። ከንፈሩ ጥርሱ ላይ የተጠጋ ነው፤ ብለድሀውንድ እንደሚባለው ውሻ የተንጠለጠለ አይደለም። አፍንጫው ጥቁር ከሆነ ዓይኑ ጠቆር ይላል፣ አፍንጫው ቡናማ ከሆነ ደግሞ ዓይኑ የማር ቀለም ይኖረዋል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጅራቱ ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ትንሽ ወደ ላይ ይታጠፋል እንጂ አይጠቀለልም። የተጠቀለለ ጅራት ካዩ የሌላ ውሻ ደም መግባቱን ይጠርጥሩ። ቀለሙ ከፈዛዛ ስንዴ እስከ ቀይ ስንዴ ያለው ነው፤ ደረቱና ጣቶቹ ላይ ጥቂት ነጭ ቢኖር አይጎዳም።

ስለ መስመሩ፦ ከትከሻው ኋላ ወዲያው ይጀምራል፣ እየጠበበ እስከ ዳሌው አጥንት ይደርሳል። ከላይ በኩል ሁለት የፀጉር ሽክርክሪቶች ፊት ለፊት ትይዩ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ከመስመሩ የላይኛው ሲሶ በታች መውረድ የለባቸውም። ስፋቱ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። አንድ ወይም ሦስት ሽክርክሪት ያለው ውሻ ለውድድር አይመረጥም። እኔ ዝርያውን ጠብቄ ስለማረባ መስመር የሌላትን ሴት ለማራቢያ አልይዝም፤ ይህ የሥራዬ ግዴታ ነው። እርስዎ ግን ለግቢዎና ለበጎችዎ ነው የሚፈልጉት፤ ስለዚህ ከመስመሩ ይልቅ ደረቱንና መዳፉን ያስቀድሙ። ሲመለሱ ደግሞ በመስመሩ ሥር ያለውን ቆዳ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ይህ ዝርያ በቆዳው ሥር የክር ዓይነት ጉድለት ይዞ ሊወለድ ይችላል።

ጋሼ ከመናገሻ

ልጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። ለገጣፎ ያለው ልጄ የሰውነቱን ነገር አሟልቶ ስለተናገረ እኔ ስለ ጠባዩ ብቻ እጽፋለሁ።

በልጅነቴ አባቴ ማሳችንን የሚያጠፋ ከርከሮ የሚያባርሩበት አራት ውሾች ነበሯቸው። ስለ ፈረንጅ ዝርያ የሰማ ሰው በአካባቢያችን አልነበረም። ከአራቱ አንዱ እጅግ ቁጡ ነበር፤ ከርከሮውን ገና ሲያየው ዘሎ ሊይዘው ይሄዳል። በሁለተኛው ክረምት ከርከሮው በክራንቻው ሆዱን ቀደደውና እዚያው እርሻው ውስጥ ሞተ። ሌላዋ፣ ዳማ ቀለም የነበራት ሴት፣ አንድ ቀን እንኳ ከርከሮ ስትነክስ አላየሁም። ከርከሮው ሲዞር ትዞራለች፣ ወደ ፊት ሲሮጥ ወደ ጎን ትወጣለች፣ ሊሄድ ሲያስብ ከኋላው ትደርሳለች። አባቴ እስኪደርሱ ድረስ ትንፋሿን ቆጥባ፣ አልፎ አልፎ ብቻ እየጮኸች ታቆየዋለች። ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖራ በእርጅናዋ ነው የሞተችው። አንበሳ የሚያቆም ውሻ ሥራው ምን እንደነበር ከላይ ሳነብ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት።

ስለዚህ፣ ባለግቢው፣ ሻጩ «ለጅብ የሚሆነው ይህ ነው» ያለህ ቡችላ ጥግ ይዞ የሚያጉረመርመው በጀግንነት ሳይሆን በፍርሃት ነው። ደፋር ቡችላ ጥግ አይፈልግም። ፈሪ ውሻ ሲያድግ የሚነክሰው የጎረቤትን ልጅ ነው፤ ጅብ ሲመጣ ግን ከቤቱ ሥር ይገባል። የሪጅባክ ጠባይ በመስፈርቱ የተገለጸው ክብሩን የጠበቀ፣ አስተዋይ፣ ለማያውቀው ሰው ራሱን የሚቆጥብ፣ ነገር ግን ጠበኛም ፈሪም ያልሆነ ተብሎ ነው። «ራሱን የሚቆጥብ» የሚለውን ልብ በለው። እንግዳ ሲመጣ ጅራቱን እያወዛወዘ አይሮጥም፣ ለመንከስም አይሮጥም፤ ቆሞ ያያል፣ ይመዝናል፣ ጌታው ምን እንደሚያደርግ ይጠብቃል። ከተማው ዳር ያለነው ሰዎች ውሻን በጩኸቱና በቁጣው መመዘን ስለለመድን እንዲህ ያለውን ውሻ «ሰነፍ» እንለዋለን። በዚህ የተነሳ ስንት መልካም ውሻ በሰንሰለት ታስሮ፣ እየተመታና እየተራበ «ይክፋ» ተብሎ እንደሚበላሽ ሳስበው ያመኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። አዳኝ ውሻ ይዘህ እኛ ወዳለንበት ወደ ሱባ ደን ወይም ወደ እንጦጦ ዳገት ስትወጣ በገመድ ያዘው። በሱባ ደን የምኒልክ ድኩላ አለ፤ ይህ ውሻ ካየው ደግሞ ብትጠራውም አይመለስልህም። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ ክልክል ነው።

እንስሳት ሐኪም

ሁለቱም መልሶች ጥሩ ናቸው፤ ሆኖም ለገጣፎ ያሉት ወንድማችን የጻፉት አንድ ነገር መታረም ስላለበት ነው የገባሁት። ዴርሞይድ ሳይነስ የሚባለውን ጉድለት በመስመሩ ሥር ብቻ ከፈለጉት አያገኙትም። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከመስመሩ ፊትና ኋላ፣ ማለትም በአንገቱ የላይኛው ክፍልና ከጅራቱ ሥር ፊት ለፊት ባለው ቦታ ነው። ከቆዳው ተነሥቶ ወደ አከርካሪው የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ሲሆን በውስጡ ፀጉርና ቅባት ይከማቻል፤ ሲመረዝ ያብጣል፣ መግል ይይዛል፣ እስከ አከርካሪው ሽፋን የደረሰ ከሆነ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። በጊዜ ከታወቀ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ይቻላል።

አመረማመሩ ቀላል ነው። ቡችላውን ጭንዎ ላይ አስቀምጠው ፀጉሩን በእርጥብ ጨርቅ ያርጥቡት፤ ከዚያ ከጭንቅላቱ ኋላ ጀምረው በመሐል አንገቱ ላይ ያለውን ቆዳ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣትዎ ከፍ እያደረጉና እያሻሹ እስከ ጅራቱ ሥር ይውረዱ። ጤነኛ ቆዳ በነፃነት ይነሣል። ጉድለቱ ካለ የስፌት ክር የመሰለ ነገር ከሥር ይዞ ሲያስቀረው በጣትዎ ይሰማዎታል፤ አንዳንዴም በዚያ ቦታ ጥቂት ፀጉሮች ተሰብስበው ከአንዲት ነጥብ ሲወጡ ይታያል።

አሁን ወደ መስመሩ ልመለስ፤ የሰው ሁሉ ዓይን እዚያ ላይ ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው፣ መስመሩን የሚፈጥረው አንድ የዘረመል ክፍል ተደግሞ መገኘቱ ነው፤ ይኸው ድግግሞሽ ለዴርሞይድ ሳይነስ ያጋልጣል። ድግግሞሹ ከአንዱ ወላጅ ብቻ ቢወረስም መስመሩ ይወጣል፤ ከሁለቱም ከተወረሰ ግን የጉድለቱ ዕድል ይጨምራል። ሁለቱም ወላጆች አንድ አንድ ብቻ ከያዙ፣ በአማካይ ከአራት ቡችሎች አንዱ መስመር የሌለው ሆኖ ይወለዳል። ይህ ቡችላ ንጹሕ ሪጅባክ ነው፤ አካሉም ጠባዩም ከወንድሞቹ አይለይም፤ በዚህ ጉድለት የመያዝ ዕድሉም በጣም አነስተኛ ነው። በአንዳንድ አገሮች ለረጅም ዘመን መስመር የሌላቸውን ቡችሎች ገና ሲወለዱ የመግደል ልማድ ነበር። ጤነኛውን አጥፍቶ ለበሽታ የተጋለጠውን ማስቀረት ከሕክምና አንጻር ምንም ማስረጃ የለውም፤ ሴቷ «ጉድለት አለባት» መባሏን ሳነብ ያዘንኩትም ለዚህ ነው።

ጥልቅ ደረት ያላቸው ውሾች ሁሉ ሆዳቸው በጋዝ ተነፍቶ ሊዞርባቸው ይችላል፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። የቀኑን ምግብ በአንድ ጊዜ ከመስጠት ሁለት ቦታ መክፈል፣ ከበላ በኋላም ወዲያው አለማስሮጥ ይጠቅማል። የተቀቀለ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ስለሚወጋ አይስጡት። እስከ ዓመት ከስድስት ወር ድረስ አጥንቱ እያደገ ስለሆነ ከብስክሌት ወይም ከፈረስ ኋላ ረጅም መንገድ አያስሩጡት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ በየዓመቱ ያስፈልገዋል፤ እናንተ አካባቢ ከጅብና ከቀበሮ ጋር መገናኘቱ ስለማይቀር ይህን ለነገ አይበሉት።

እህታችሁ ከቡራዩ

አራት ዓመት የሞላት ሪጅባክ አለችኝ። ከላይ የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው፤ ከዕለት ኑሮ የማውቀውን ብቻ ልበል። ፀጉሯ አጭርና ከሥሩ ሌላ ለስላሳ ፀጉር የሌለው በመሆኑ ብርድ አይችልም። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሲጥል ሌሊቱን ትንቀጠቀጣለች፤ ሱሉልታ ደግሞ ከእኛ ይበርዳል። ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ቤት ሠርታችሁ በጤፍ ጭድ ሙሉት፤ በሩ ነፋስ በማይገባበት በኩል ይሁን።

ሌላው፣ ይህ ውሻ በጩኸትና በዱላ አይማርም። አንድ ጊዜ የቤታችን ዘበኛ በንዴት ቢመታት ለሦስት ወር ያህል ወደ እሱ ፊቷን አላዞረችም፤ እሱ የሰጣትንም አትበላም ነበር። በትዕግሥትና በጥቂት ሥጋ ያስተማርኳትን ግን እስከ ዛሬ አልረሳችም። አጥራችሁም ይታይ፤ የእኔዋ አንድ ሜትር ተኩል ያለውን ግንብ ከቆመችበት ትዘለዋለች።

ባለግቢው ከሱሉልታ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሄጄ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ በስምንት ሳምንት ዕድሜ ጠባይን መለየት በእርግጥ ይቻላል? እኔ ቁልፌን መሬት ላይ ጥዬ አየኋቸው። መስመር ያለው ወንድ ዘሎ ተነሣና ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ፤ የሚያጉረመርመው ጥጉን አለቀቀም፤ ሴቷ ደንግጣ ቆመች፣ ከዚያ ቀስ ብላ መጥታ ቁልፉን አሸተተችው።

የእናታቸውንም ነገር ልንገራችሁ። ሻጩ ሊያስራት ሲል እንዲተዋት ለመንሁት። ከጓሮ ወጥታ አምስት እርምጃ ያህል ርቀት ላይ ቆመች፤ አልጮኸችም፣ አልተጠጋችም። ቡችላዋን ሳነሣ ብቻ መጥታ እጄን አሸተተችና ተመልሳ ተኛች። ደረቷ እስከ ክርኗ ይወርዳል፤ መዳፏን ግን ለማንሣት አልደፈርሁም።

ውሻ አርቢ ከለገጣፎ

የቁልፉ ሙከራ ጥሩ ነው። መደንገጡ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ከድንጋጤው በኋላ የሚያደርገው ነው። ቡችላ ጠባዩ ገና አልረጋም፤ ሆኖም እናቱ እንዲያ ከሆነች ግማሹን ሥራ ጨርሰዋል። ሐኪሙ ላረሙኝ እርማት አመሰግናለሁ፤ እኔም በቅርብ የተወለዱልኝን ሰባቱን ቡችሎች ትናንት ማታ ከአንገታቸው ጀምሬ እንደገና ዳስሻቸዋለሁ። እርስዎስ የሦስቱን ቡችሎች ቆዳ ዳሰሱት?

ባለግቢው ከሱሉልታ (ጠያቂ)

ሦስቱንም ዳስሻለሁ፤ ጨርቅ ይዤ ሄጄ ፀጉራቸውን አርጥቤ ነበር። ውድ በተባለው ወንድ አንገት ላይ፣ ከጆሮዎቹ ኋላ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ቆዳው ሲነሣ አንድ ቦታ ላይ ያዝ የሚያደርገው ቀጭን ነገር ተሰምቶኛል። ልምድ ስለሌለኝ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ለሻጩ ግን አስዳስሼው ቅዳሜ ሐኪም ዘንድ ሊወስደው ተስማምቷል። የሚያጉረመርመውንም ወንድ ጥግ ከማስያዝ ይልቅ በእጁ እያበላ እንዲያለምደው ነግሬዋለሁ።

ሴቷን ወስጃለሁ። ቆዳዋ ከአንገቷ እስከ ጅራቷ ሥር በነፃነት ይነሣል። አሁን ይህን ስጽፍ ጫማዬ ላይ አፍንጫዋን አስደግፋ ተኝታለች፤ ለዛሬ ሌሊት ኩሽናው ውስጥ ጭድ አነጠፍንላት፤ ነገ ጠዋት ደግሞ የእንጨቱን ቤት ከልጄ ጋር እንጀምራለን።